የመዋቅራዊ ጂኦሎጂና የቴክቶኒክስ የዶክትሬት ምርምር ዕድሎች፤ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የምድር ቅርፊት ሲለጠጥ፣ ሲሰነጠቅና ሲለያይ በግልጽ ከሚታይባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው። በአፋር ዝቅተኛ ምድር የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዐረቢያ ሰሌዳዎች ይገናኛሉ። በእነዚህ መካከል ከተፈጠሩት ስምጦች ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕር ወለል እስከ መፍጠር ደርሰዋል፤ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግን ገና በአህጉር ውስጥ ያለ ስንጥቅ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ከጀማሪው ስንጥቅ እስከ ውቅያኖስ አፋፍ ድረስ ያሉትን ደረጃዎች በእግር ተጉዞ መመልከት መቻሉ የዓለምን ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲስብ ኖሯል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በመዋቅራዊ ጂኦሎጂና በቴክቶኒክስ ረገድ የሚቀርበው የዶክትሬት ምርምር ዕድል በዓይነቱ እየተለያየ መጥቷል።

ስለነዚህ ዕድሎች በሚነገርበት ጊዜ ዘወትር የሚነሡት ጥያቄዎች ስንት ቦታ አለ፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል የሚሉት ናቸው። ጥያቄዎቹ ለአመልካቹ ተገቢ መሆናቸው አይካድም። ለትምህርት ዕቅድ አውጪው ግን አይበቁም። አንድ የዶክትሬት ዕድል በገንዘቡ መጠን ብቻ ሲመዘን መልካም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በይዘቱ ሲመረመር ግን ለተማሪውም ለአገሩም ያተረፈው ነገር አነስተኛ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ስለሆነም የምርምሩን ጥያቄ የሚያወጣው ማን ነው? ለመስክ ሥራው የሚሰጠው ክብደት ምን ያህል ነው? ናሙናውና መረጃው የት ይቀራል? አንዱ ተመራማሪ ሥራውን ሲፈጽም ሌላው ከየት ይቀጥላል? የሚሉት ነጥቦች አስቀድመው መታየት ይኖርባቸዋል።

የትምህርቱ ጠባይ

መዋቅራዊ ጂኦሎጂ ዐለት እንዴት እንደታጠፈ፣ እንደተሰበረና እንደተንሸራተተ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ሥራው በመዶሻ፣ በኮምፓስና በካርታ ይጀምራል። ተመራማሪው የስብራቱን አቅጣጫና የዘንበልታውን መጠን ይለካል፤ በስብራቱ ገጽ ላይ የቀሩትን የመንሸራተት ጭረቶች ይመዘግባል፤ የትኛው ስብራት የትኛውን እንደቆረጠ በማየትም ቀዳሚውን ከተከታዩ ይለያል። ቴክቶኒክስ ደግሞ እንዲህ ያሉትን የመስክ ማስረጃዎች ከመሬት መንቀጥቀጥ መዛግብት፣ ከሳተላይት ልኬታና ከዐለት ዕድሜ ጋር አያይዞ በሰሌዳዎች እንቅስቃሴ ደረጃ ይተረጉማል። ሁለቱ የሚነጣጠሉ አይደሉም። ያለ መስክ ማስረጃ የሚደረግ ትርጓሜ መሠረት የሌለው ሕንፃ ይሆናል፤ ያለ ትርጓሜ የሚከማች ልኬታም የቁጥር ክምር ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለመረዳት የዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሸለቆው ሰሜናዊና ማዕከላዊ ክፍል በግራና በቀኝ ያሉት ትልልቅ የጠርዝ ስብራቶች በአመዛኙ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያቀናሉ። በሸለቆው ወለል ላይ የሚገኙትና ፖል ሞር የወንጂ የስብራት ቀበቶ በሚል ስም ያስተዋወቃቸው ወጣት ስብራቶች ግን ከዚህ አቅጣጫ ፈቀቅ ብለው ይበልጥ ወደ ሰሜን ያጋድላሉ። ስለዚህ ልዩነት የተሰጡት ማብራሪያዎች ከሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው አስተሳሰብ መሠረት ምድሪቱ የምትለጠጥበት አቅጣጫ በጊዜ ብዛት ተለውጧል። በሁለተኛው መሠረት አቅጣጫው አልተለወጠም፤ ቀድሞ በነበረ የደከመ የቅርፊት መሥመር ላይ በሰያፍ ያረፈ አንድ ስበት በመጀመሪያ የጠርዙን፣ ቀጥሎም የወለሉን ስብራቶች በተከታታይ ፈጥሯል። በቤተ ሙከራ ውስጥ በአሸዋና በመሰል ነገሮች የተሠሩ አምሳያዎች ሁለተኛው አስተሳሰብ ሊሆን የሚችል መሆኑን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ሊሆን የሚችል መሆኑ ሆኗል ለማለት አያበቃም። የትኛው ስብራት መቼ እንደተንቀሳቀሰ የሚመሰክረው በቦታው ያለው ዐለት ነው። የዶክትሬት ደረጃ ምርምር የሚያስፈልገውም እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የብዙ ወራት የመስክ ሥራ፣ የተጣራ የዕድሜ ልኬታና ተቃራኒ ሐሳቦችን በእኩል ዓይን የሚመዝን የበሰለ አእምሮ ይጠይቃል።

ያለፈው ልምድ

በኢትዮጵያ የዚህ ጥናት መሠረት የተጣለው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1950 ከተቋቋመ በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነው። ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመው የመሬት መንቀጥቀጥን በመሣሪያ መከታተል ጀመሩ። ፖል ሞር ስለ ኢትዮጵያ ጂኦሎጂ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ። ከ1967 ጀምሮ በአሩን ታዚየፍ መሪነት የፈረንሣይና የኢጣሊያ ተመራማሪዎች በአፋር ሰፊ ጥናት አካሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1973 በካዝሚን አዘጋጅነት የአገሪቱ የጂኦሎጂ ካርታ በ1 ለ2,000,000 መጠን ወጣ፤ በ1996 ደግሞ ሁለተኛው እትም በኢትዮጵያውያን ጂኦሎጂስቶች ተዘጋጅቶ ቀረበ።

ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የጉዋን ድርሻ ለዚህ ግምገማ ልዩ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የመሣሪያ ንባብን ብቻ የያዘ አይደለም፤ ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻዎች መርምሮ የመሬት መንቀጥቀጡን ታሪክ ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰውንና በ1969 የሰርዶን ከተማ ያፈረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ በዝርዝር ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ እስከ ዛሬ ወደዚሁ መጽሐፍ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሥራ ለሦስት ዓመት በተሰጠ የገንዘብ ድጋፍ የሚፈጸም አልነበረም። ደራሲው በአንድ ሥፍራ ለረጅም ጊዜ በመቀመጣቸውና የአገሩን የጽሑፍ ቅርስ እንደ ሳይንሳዊ ማስረጃ በመቁጠራቸው የተገኘ ውጤት ነው።

የከፍተኛ ዲግሪን በሚመለከት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው ደግሞ በ1987 ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ቀደምት ኢትዮጵያውያን ጂኦሎጂስቶች የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በአውሮፓና በአሜሪካ ነበር። ውጤቱ መናቅ የለበትም። ግደይ ወልደ ገብርኤል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የስምጥ ሸለቆው ማዕከላዊ ክፍል ጥናት የመስክ ማስረጃን ከዐለት ዕድሜ ጋር በማያያዝ የሸለቆውን አፈጣጠር በቅደም ተከተል አስረድቷል። ተስፋዬ ኪዳኔና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት የአፋር ጥናት ደግሞ በላቫ ውስጥ ተጠብቆ የኖረውን መግነጢሳዊ አቅጣጫ በመለካት የቅርፊት ክፍሎች መሽከርከራቸውን አሳይቷል። የአገር ልጅ የመሬቱን ጠባይ ማወቁና የውጭው ቤተ ሙከራ አቅም ሲገናኙ ምን ሊገኝ እንደሚችል ሁለቱም ሥራዎች ይመሰክራሉ።

የዕድሎቹ ዓይነትና ጉድለት

ዛሬ ለአንድ አመልካች የሚቀርቡት ዕድሎች በጠቅላላው በአራት ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የምርምሩ ጥያቄ፣ ዘዴውና ሥፍራው አስቀድሞ ተወስኖ የሚቀርበው ዓይነት ነው። ይህ በተለይ በአውሮፓ የተለመደ ነው። ድጋፉ በፈረንሣይ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት፣ በብሪታንያ ደግሞ ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል ይሰጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተደራጀ ቤተ ሙከራ፣ ልምድ ያለው አማካሪና የተረጋገጠ በጀት ያገኛል። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። ጥያቄን መምረጥና መቅረጽ ከተመራማሪ ሙያ ሁሉ የሚከብደው ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ይህ ክፍል ተማሪው ከመግባቱ በፊት በሌላ ሰው ተሠርቶ አልቋል። እንዲህ የሠለጠነ ሰው መልስ በመፈለግ የተካነ፣ ጥያቄ በማውጣት ግን ያልተፈተነ ሆኖ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይነት ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ኮርሶችን ይወስዳል፣ የብቃት ፈተና ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ የራሱን የምርምር ሐሳብ አዘጋጅቶ ይከላከላል። ጊዜው ይረዝማል፤ ሐሳብን የማዳበር ዕድሉም የዚያኑ ያህል ይሰፋል። ሆኖም ገንዘቡ ከአማካሪው የምርምር ድጋፍ የሚወጣ በሚሆንበት ጊዜ የምርጫው ነፃነት በሥራ ላይ እየጠበበ ይሄዳል።

ሦስተኛው በአገር ውስጥ የሚሰጠው ነው። ለመስኩ ቅርብ መሆኑና የተማሪው ድካም በአገር ውስጥ ተቋም መመዝገቡ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዕጩው ብዙ ጊዜ የማስተማር ሸክም ያለበት መምህር ነው። ለመስክ መኪናና ለቀን አበል የሚመደበው ገንዘብ ሲያንስ የምርምሩ ርዕስ ሳይታወቅ ወደ ጠረጴዛ ሥራ ያዘነብላል። በሳተላይት ምስል ላይ የሚታዩ መሥመሮችን ቆጥሮና በአቅጣጫ ከፋፍሎ ስለ ስብራት መደምደሚያ መስጠት የዚህ ዝንባሌ ምልክት ነው። በምስል ላይ የታየ መሥመር ሁሉ ስብራት አይደለም፤ የወንዝ ዳር፣ የላቫ ጠርዝ ወይም የአሮጌ መንገድ ፈለግ ሊሆን ይችላል። ስብራት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በየትኛው ዘመንና በየትኛው አቅጣጫ እንደተንሸራተተ ከምስሉ ብቻ ማወቅ አዳጋች ነው። ስለዚህ ከመስክ የተነጠለ የአገር ውስጥ ዶክትሬት ከውጭ የመጣን ጥያቄ ከመቀበል የተሻለ ነፃነት አለው ለማለት አይቻልም።

አራተኛው በሁለት ተቋማት መካከል የሚከፈለው ነው። ተማሪው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ይመዘገባል፤ የመስክ ሥራውን በአገሩ፣ የቤተ ሙከራውን ሥራ በውጭ ያካሂዳል። በመርሕ ደረጃ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። የሚሳካው ግን ሁለቱ አማካሪዎች በጥያቄው አወጣጥ ላይ እኩል ድምፅ ሲኖራቸው ነው። የአገሩ አማካሪ ለፈቃድ ማውጫና ለመኪና ማፈላለጊያ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ የስም እኩልነቱ ዋጋ የለውም።

የዳባሁ ማስረጃ

የእነዚህን ዕድሎች ጥቅምና ጉድለት በአንድነት ያሳየው በመስከረም 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በአፋር የደረሰው ክሥተት ነው። በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው መሬት ተሰነጠቀ፤ ከሥሩም የቀለጠ ዐለት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ገባ። ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ይህ የተለካው በራዳር ሳተላይት ምስል ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲወጣ ከብሪታንያ ተመራማሪዎች ጎን አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ በደራሲነት ተመዝግበዋል። እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ተመሳሳይ የቅልጥ ዐለት ሰርጎ መግባት በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በዚህም ላይ ብዙ የዶክትሬት ሥራ ተሠርቷል። የውጭ ትብብር ባይኖር ኖሮ ይህ ክሥተት በዚህ ጥራት ባልታወቀ ነበር። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ ሌላም ነገር ይናገራሉ። የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚራራቁት በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ተማሪ አራት ዓመት ሲያጠና ሸለቆው የሚሰፋው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአፋር ፍጥነቱ ከዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ቢበልጥም፣ በ1998 ዓ.ም. በጥቂት ሳምንታት የተከፈተው 8 ሜትር የብዙ መቶ ዓመታት መለጠጥ ተጠራቅሞ የወጣበት ነበር። እንግዲህ ምድሪቱ የምትሠራበት የጊዜ መጠንና የዶክትሬት ድጋፍ የሚሰጥበት የጊዜ መጠን ጨርሶ አይመጣጠኑም። ክሥተት ሲደርስ ድጋፍ ይጎርፋል፤ ክሥተቱ ሲበርድ ድጋፉም ይበርዳል። በመካከሉ ያለው ረጅም የዝምታ ዘመን፣ ማለትም ምድሪቱ ኃይል የምታጠራቅምበት ዘመን፣ ተመልካች ሳይኖረው ያልፋል። ከዚህ አኳያ ትልቁ ጉድለት የአንድ ዶክትሬት ማነስ ሳይሆን በአንዱና በሌላው መካከል ሰንሰለት አለመኖሩ ነው።

የፈንታሌ ትምህርት

ይህ ጉዳይ የምሁራን ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የታየው ሁኔታ አረጋግጧል። ለወራት የዘለቀው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በየካቲት ወር ወደ 6 የሚጠጋ መጠን ደርሷል፤ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ቤቶችና መንገዶች ተሰነጣጠቁ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው እንዲነሡ ተደረገ። የሳተላይት ምስሎች ከሥር የቅልጥ ዐለት እንቅስቃሴ መኖሩን አመልክተዋል። ፈንታሌ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ላቫ ያፈሰሰ ተራራ በመሆኑ ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ የጠየቀው ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ልንቀመጥ ወይስ ልንነሣ? ይህን ለመመለስ የራዳር ምስል ብቻውን አይበቃም። የትኛው ስብራት በቅርቡ ተንቀሳቅሶ ያውቃል? የቀድሞው ላቫ በየት በኩል ወረደ? ውሃው የሞቀው፣ ጢሱ የወጣው በአዲስ ስንጥቅ ነው ወይስ በቆየው? ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው ሥፍራውን ደጋግሞ የረገጠ፣ ካርታውን በእጁ የሠራ፣ ያወቀውንም በአማርኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ ማስረዳት የሚችል ተመራማሪ ነው። ስለ ሸለቆው የተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሩቅ አገር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ዕውቀቱ ቢኖርም በሚያስፈልግበት ሰዓት እንደሌለ ይቆጠራል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ከዚህ በላይ በቀረበው ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው ሳይንስ አገር የለውም፤ ጥያቄው ከየትም ይምጣ መልሱ የሁሉም ነው የሚል ነው። መልሱ የሁሉም መሆኑ እውነት ነው። የጥያቄዎች ቅደም ተከተል ግን ከአገር አገር ይለያያል። አህጉር እንዴት ተከፍሎ ውቅያኖስ እንደሚሆን ማወቅ ለሁሉም ዕውቀት ነው፤ አንድ ከተማ፣ ግድብ ወይም የባቡር ሐዲድ በየትኛው ስብራት ላይ እንደተሠራ ማወቅ ግን በቅድሚያ የሚያስጨንቀው በዚያ የሚኖረውን ሕዝብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘብ የሌለው መምረጥ አይችልም የሚል ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረት መልካም ቢሆንም፣ በሬው ሞፈርና ቀንበር ከሌለው አያርስም ይባል ይሆናል። ይህም ከፊል እውነት አለው፤ የዕድሜ መለኪያ ቤተ ሙከራና የሳተላይት መረጃ ማቀነባበሪያ ውድ ናቸው። ነገር ግን ዝርዝር የመስክ ካርታ፣ የተመዘገበ የናሙና ማከማቻና በሥርዓት የተያዘ የመስክ ማስታወሻ ደብተር ከገንዘብ ይልቅ ሥርዓትን የሚጠይቁ ናቸው። የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ሲቆፈሩ የተገኘው የከርሰ ምድር መረጃ፣ በአግባቡ ለተማሪ ሲቀርብ፣ ያለ አዲስ ቁፋሮ ተጨማሪ ጥናት ሊወጣው የሚችል ሀብት ነው። ያለውን ሳይጠብቁ የሌለውን መመኘት ድህነቱን በራስ ላይ መጨመር ነው።

መመዘኛዎች

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችና የነፃ ትምህርት ዕድል መራጭ ኮሚቴዎች በዚህ መስክ የሚቀርብን ዕድል ሲገመግሙ ቢያንስ አምስት ነጥቦችን ቢያዩ ይበጃል። አንደኛ፣ ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት ከፊል ጥያቄውን ለመከለስ የሚጠቀምበት መብት አለው ወይ? ሁለተኛ፣ ለመስክ ሥራ የተመደበው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው ወይስ በቀናት? ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ናሙና ግማሽና የመስክ መረጃው ግልባጭ በአገር ውስጥ ይቀመጣል ወይ? አራተኛ፣ የአገሩ አማካሪ በጥያቄው አወጣጥና በውጤቱ ኅትመት ላይ ድርሻ አለው ወይ? አምስተኛ፣ ተማሪው ሥራውን ሲፈጽም የጥናቱን ፍሬ ነገር በአገር ቋንቋ ለአካባቢው አስተዳደርና ለትምህርት ቤቶች የማቅረብ ግዴታ አለበት ወይ?

ከእነዚህ ጋር አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ መልስ ያላገኘላቸውን ጥያቄዎች ለይቶ በመጨረሻው ምዕራፍ እንዲያስቀምጥ፣ ተከታዩ ዕጩም ከዚያ እንዲነሣ ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ዶክትሬት የአንድ ሰው ማዕረግ ከመሆን አልፎ የአንድ ረጅም ምልከታ ክፍል ይሆናል። ጉዋን ዜና መዋዕሎቹን ሲመረምሩ ያገኙት ጥቅም ይኸው ነበር፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ጸሐፍት ምድር የተናወጠችበትን ቀን መዝግበው ማለፋቸው ከብዙ ዘመን በኋላ ለሳይንስ አገልግሏል።

መደምደሚያ

የዶክትሬት ዕድል መብዛቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በራሱ ግን ግብ አይደለም። ሸለቆው በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየሰፋ፣ በየመካከሉም በድንገት እየተናወጠ ይቀጥላል። ከዚህ ጋር የሚመጣጠን የምርምር ሥርዓት ክሥተትን ተከትሎ የሚሮጥ ሳይሆን ክሥተቱ ከመድረሱ በፊት በሥፍራው የሚገኝ መሆን አለበት። በፈንታሌ ሥር የሚኖረው አርብቶ አደር ዳግመኛ ልቀመጥ ወይስ ልነሣ ብሎ ሲጠይቅ፣ ያንን መሬት ለዓመታት ያጠናና በቋንቋው የሚመልስለት ሰው ካገኘ፣ ለዶክትሬት የወጣው ገንዘብና ጊዜ በከንቱ እንዳልቀረ ያን ጊዜ ይታወቃል።